እግር ወለል ሲነካ

እናትየዋ ደስታን አታምነውም። ስልክ በጠዋት ከጮኸ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ካልጮኸ ደግሞ መርዶ ነጋሪው ራሱ ሞቶ ይሆናል። ባሏ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ደስታ በራችንን ቢያንኳኳ መታወቂያ አሳየኝ ትይዋለሽ" እያለ ይስቅባታል። እሷ ግን አትስቅም። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ትልና በሩ መቆለፉን እንደገና ልታይ ትነሳለች።

እንቅልፏም እንደ ሐሳቧ ነው። ጎህ ሳይቀድ ዓይኗ ቦግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አልጋው እሾህ ይሆንባታል። ምድጃው ጠፍቷል? ቧንቧው ተዘግቷል? ደረጃው ላይ የሚሰማው ኮቴ የማን ነው? ባልና ልጅ ግን በእንቅልፍ የተባረኩ ናቸው። ሌባ ቤቱን ተሸክሞት ቢሄድ ከነአልጋቸው ይሄዳሉ እንጂ አይነቁም።

እንግዲህ አንድ ምሽት ልጅቷ የንግድ ሐሳቧን ስትናገር አባትየው የጎረሰው ዳቦ ጉሮሮው ላይ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢዝነስ ታጠናለች፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። በዚያ ሰሞን ሥራ ፈጠራ የሚባል ኮርስ ጀምረው ነበር። መምህሩ ወረቀት አልወድም ባይ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ እውነተኛ ንግድ ከፍቶ ኮርሱ እስኪያልቅ በሕይወት ማቆየት አለበት፤ ንግዱ የሞተበት ይወድቃል። ጓደኞቿ ሳሙና ሠሩ፣ ቲሸርት አሳተሙ፣ የስልክ ሽፋን አመጡ። እሷ ግን፣

"ሰው እቀሰቅሳለሁ" አለች።

እናት ሻይ እየቀዳች ነበር። "ማንን ነው የምትቀሰቅሺው?"

"ተኝቶ መቅረት የማይችል ሰውን ሁሉ። ማታ የሚነሱበትን ሰዓት ይልኩልኛል፣ ጠዋት እደውላለሁ።"

"አንቺን ማን ሊቀሰቅስሽ?"

ዳቦው የአባትየው ጉሮሮ ላይ የቀረው ያኔ ነው። ጀርባውን እየመቱለት እንኳን ሳቁ አላቆመም። "ዓይነ ስውር መንገድ መሪ!" አለ እንባውን እየጠረገ። "በርቺ የኔ ሥራ አስኪያጅ!"

ልጅቷ አኩርፋ ተነሳች። ሥራው ግን ተጀመረ፤ ያውም ያዘላት። የሰዓት ደወል እጁን ሰዶ የሚያጠፋው ሰው ብዙ ነው፤ ሰውን ግን እንደ ደወል ማጥፋት አይቻልም። "አሎ" ያለ ሁሉ ነቅቷል ብላ አትዘጋም። ደንበኛው "እግሬ ወለል ነካ" ማለት አለበት። ይህም አይበቃትም፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ውጭ ምን እንደሚታየው መናገር አለበት። በአልጋው ውስጥ ሆኖ የሚዋሽ በመስኮቱ ይታወቃል። የአውቶቡስ ሹፌር መጣላት፣ ነርስ መጣች፣ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ተከተሉ። ከሁሉ የባሰው ድምፁ የሻከረ አንድ ሰውዬ ነበር። ሁልጊዜ "አምስት ደቂቃ ብቻ" ነው መልሱ። ስሙን አልተናገረም፤ እናትና ልጅም እንቅልፋሙ ብለው ጠሩት።

ሚስጥሩ ግን ሌላ ነበር። በየማለዳው እናት ወደ ልጇ ክፍል ገብታ በቀዝቃዛ እጇ የእግሯን ጣቶች ትይዛለች። ልጅቷ "እሺ፣ እሺ፣ ተነሳሁ" ትላለች፤ እናት አታምናትም፤ ብርድ ልብሱን ገፋ ታደርገዋለች። ቀስቃሽዋን የሚቀሰቅሳት የእናቷ ስጋት ነበር። እናትም ይህን ታውቀዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይላት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በከንቱ ስትነቃ ኖራ፣ አሁን ንቃቷ ሥራ አገኘ።

በመሀል ልጅቷን ቶንሲል ጣላት። ትኩሳቱ ድምፅ አሳጣት፤ "ደንበኞቼ! አለቀልኝ!" ብላ በእጇ ምልክት ብቻ ስታለቅስ እናት የሰዎቹን ቁጥር በራሷ ስልክ መዘገበችና ራሷ ደወለች። ሹፌሩ ወዲያው ተነሳ። ነርሷም ተነሳች። እንቅልፋሙ ግን፣

"አምስት ደቂቃ ብቻ..."

"አምስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ እያሉ ነው ሰዎች ዕድሜያቸውን የጨረሱት! ተነስ አንተ! እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?"

"እናቴ አርፋለች" አለ ሰውዬው በእንቅልፍ ድምፅ።

"ነፍስ ይማር። ይኸው እንግዲህ፣ እዚያም ሆና በአንተ ታፍራለች። እግርህን አውርድ!"

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ አልጋ ተንጓጓ። "ወረደ እማማ፣ ወረደ። መስኮቱ ላይ እርግብ አለች።"

ልጅቷ ድና ሥራዋን ስትረከብ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መሰለ። ኮርሱ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ከትምህርት ገብታ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

እናት ብድግ አለች። "ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ! አንቺ ነሽ ችግሩ።"

"እኔ?"

"መምህሩ ክፍል ውስጥ አቆመኝ። 'ጠዋት አንቺን ማን ነው የሚቀሰቅስሽ?' አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም። 'እናቴ' አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። 'እናትሽ ከሌለች የሚተኛ ንግድ ንግድ አይደለም፣ እናት ነው' አለኝ።"

እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ማን ነገረው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ለሁላችንም ከየደንበኞቻችን መሀል የሱ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አንለይም። በቃ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ያለ አንቺ መሥራት አለብኝ። አንድ ደንበኛ ተኝቶ ከቀረ ወድቄያለሁ። ከወደቅሁ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ገባሽ?"

ገብቷታል። ከጓደኞቿ ወደኋላ የቀረች ልጅ፣ ተስፋ የቆረጠች ልጅ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ፣ ከዚያም ወዲያ የሆነች ልጅ፤ ይህ ሁሉ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በዓይኗ ላይ አለፈ።

"አልቀሰቅስሽም" አለች።

"ማይልኝ።"

"አባትሽ ይሙት።"

"በአባዬ ሁልጊዜ ትምያለሽ፣ ሁልጊዜ ታፈርሻለሽ። በስፌት መኪናሽ ማይ።"

እናት የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠች። አባትየው ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ፣ "ይኸው፣ ከእኔ ነፍስ የመኪናዋ ነፍስ በለጠ" አለ። መኪናዋን ገዝታ ለመጨረስ የስንት ዓመት መጋረጃ ሰፍታለች። ቢሆንም ማለች።

"ብቀሰቅስሽ የስፌት መኪናዬ ይሰበር።"

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ እናትየዋ የሰፋችላትን ወፍራም መጋረጃ በክንዷ ላይ አጥፋ ይዛዋለች።

"ብርሃን ይከለክለኛል" አለችና በእናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት እጥፍ ገበር የገባበት፣ ከመንገድ መብራት እንዲከልላት ተብሎ የተሰፋ መጋረጃ ነበር። እናት አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሌሊቱን ስለ መጋረጃው ስታስብ ቆየች።

የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው፤ እሷ ትሰፋለች፣ ባልደረባዋ ትቆርጣለች። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አርጅተዋል። በዚያ ሳምንት ግን የእናትየዋ እጅ ከጨርቁ ጋር አልተስማማም።

"አንቺ፣ መጋረጃ ነው ወይስ እባብ ነው የምትሰፊው?" አለች ቆራጯ፣ ጠማማውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አንስታ።

"ተይኝ እባክሽ። ነገ ጠዋት ተኝታ ትቀራለች።"

"ዛሬ ተኝታ ቀረች?"

"አልቀረችም።"

"ትናንት?"

"ትናንትም አልቀረችም። ግን ነገን ማን አየው?"

ቆራጯ መቀሷን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች። "አንቺ እኮ ስትሞቺ ሬሳሽ ተነስቶ ሳጥኑ በደንብ ተዘግቷል ወይ ብሎ ያያል። ፍቺው ይሄን፣ ደንበኛው ሳይመጣ።"

እናት ጠርዙን ፈትታ እንደገና ሰፋችው። እንደገናም ጠመመ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ልጅቷ ዘዴ አግኝታ ነበር። ስልኳን ባዶ ድስት ውስጥ አስገብታ ከአልጋዋ ርቆ ካለው ቁም ሣጥን ላይ ትሰቅለዋለች። ጠዋት ሲጮህ ድስቱ ያስተጋባና ቤቱ ይናወጣል። እናት በግድግዳው ማዶ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠብቃለች። ድስቱ ይጮሃል፤ የባዶ እግር ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ ያ የሚያምር የንግድ ድምፅ ይመጣል። "እንደምን አደሩ! እግርዎ ወለል ነካ? ምን ይታይዎታል?" ያኔ እናት የያዘችውን ትንፋሽ ትለቃለች። ወዲያው ደግሞ የነገውን ትይዛለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ጠዋት ደረሰ። ያን ቀን ልጅቷ ክፍል ፊት ቆማ ንግዷን ታቀርባለች።

እናት እንደ ልማዷ ነቃች። ጠበቀች። ድስቱ አልጮኸም።

ሰዓቷ ፈጥኖ ይሆናል አለች። የባሏን ስልክ አየች፤ እሱም ያንኑ ሰዓት ይላል። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ምንም የለም። የባሏ ማንኮራፋት ብቻ፣ እንደ አሮጌ ሞተር እየተነሳ ይወድቃል።

"አንተ" አለች በክርኗ እየጎሸመችው። "ድስቱ አልጮኸም።"

"ምን ድስት?" አለ ባልየው ዓይኑን ሳይገልጥ። "ቁርስ ደረሰ እንዴ?"

"ተኝታለች እኮ! ተኝታ ቀረች!"

"ተኚ አንቺ ሴትዮ። ምለሻል" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ተነሳች። በባዶ እግሯ እስከ ልጇ በር ሄደች። እጇ ወደ መያዣው ሲዘረጋ የስፌት መኪናዋ ታያት። እጇን መለሰችው። ሹፌሩ ተኝቶ ቀርቶ፣ መንገደኛው ማቆሚያው ላይ ቆሞ ሲሳደብ ታያት። ነርሷ አልደረሰችም ተብሎ በሽተኛው ሲያቃስት ታያት። ልጇ ክፍል ፊት አንገቷን ደፍታ ቆማ ታየቻት። እጇ እንደገና ወደ መያዣው ሄደ። ደግሞ ተመለሰ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። የማለችው ልጇን እንዳትቀሰቅስ ነው። ሌላ ሰው እንዳትቀሰቅስ አልማለችም።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገጠም አደረገች። ከሁሉ አስቀድሞ ለእንቅልፋሙ ደወለች፤ ሌሎቹስ በራሳቸውም ሊነሱ ይችላሉ፣ እሱ ግን በራሱ አይነሳም።

"አሎ?"

"ተነስ ልጄ! በፈጣሪ ተነስ! አምስት ደቂቃ የለም ዛሬ! ልጄ ተኝታ ቀርታ ነው፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ማንም ቢጠይቅህ በሰዓቱ ቀስቅሳኛለች በል!"

በስልኩ ውስጥ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማ።

"እማማ" አለ የሻከረው ድምፅ፤ ዛሬ ግን የእንቅልፍ ሽታ የለበትም። "ልጅዎማ ቀስቅሳኛለች። በሰዓቱ። አሁን ሻዬን እየጠጣሁ ነው።"

እናት ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። በዚያው ቅጽበት የውጭው በር ተከፈተ። ልጅቷ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ ስልኳን ይዛ ከደረጃው ገባች። ፊቷ በጠዋቱ ብርድ ቀልቷል፤ ዓይኗ ያበራል።

"እማዬ! ሁሉንም ጨረስኩ! ድስቱ ሳይጮኽ ነው የነቃሁት። በራሴ! ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። እዚህ ስደውል ትንፋሽሽ በግድግዳው ይሰማኛል፣ ያጣድፈኛል..." ነገሯን አቋረጠች። የእናቷን እጅ አየች። "ማን ጋ ነው የደወልሽው?"

እናት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። "ለእንቅልፋሙ ብቻ ነው።"

የልጅቷ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ እናት አየች። የፈራችው አንድም ነገር አልደረሰም ነበር፤ ይህን ግን ፈርታው አታውቅም።

"በራሴ ነቅቼ ነበር እኮ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። ቦርሳዋን አነሳች። ቁርስ አልበላችም፤ በሩንም ጓ አላደረገችውም። ቀስ ብላ ዘጋችው። ያ ደግሞ ባሰ።

በዚያ ቀን መጋረጃ ቤት እናት መርፌ ሰበረች፤ ክር አቀላቀለች፤ የሽንት ቤቱን በር ከፍታ ለምን እንደከፈተችው ጠፍቷት ቆመች። "ስልክሽን ወዲህ አምጪው፣ ያለዚያ በመቀስ እቆርጠዋለሁ" ብላ ቆራጯ ቀማቻት። ከዚያ ግን ራሷ በየመሀሉ እያየች "አልደወለችም" ትላት ነበር። ወደ ማታ ቤቷ ስትገባ ደረጃውን በእግሯ ሳይሆን በልቧ ነው የወጣችው።

ልጅቷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። አባትየው ፊት ለፊቷ ሆኖ ፂሙን እየደባበሰ ሳቁን ያፍናል።

"አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ? እሱን አስቀድመሽ ንገሪኝ!"

"ተቀመጪ።"

"ቆሜ ልስማው።"

"እንቅልፋሙ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለች ልጅቷ። "መምህሩ ነው።"

እናት ተቀመጠች።

"ሰውዬውን 'እናትህ ታፍርብሃለች' ያልሽው እኮ መምህሬን ነው። በማናውቀው ቁጥር፣ ድምፁን አሻክሮ ከተማሪው ሁሉ እየገዛ ነው የሚፈትነን። ዛሬ ክፍል ፊት አቁሞኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተቀሰቀስኩ። አንዴ በትህትና፣ አንዴ በልመና።' ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ከዚያ 'ሁለተኛዋ ማን ናት? ሠራተኛሽ ናት? ሽርካሽ ናት?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ተናድጄ ነበር። 'ተፎካካሪዬ ናት' አልኩት።"

አባትየው ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም፤ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ተፎካካሪ! ሰማሽ? ገበያ ልትቀሚያት ነው!"

"እሱም ሳቀ" አለች ልጅቷ። "ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ፣ 'የማትተኛ፣ በነፃ የምትሠራ፣ ደንበኛውን ደግሞ የምትቆጣ ተፎካካሪ አለችሽ። እንዴት ታሸንፊያታለሽ?' አለኝ። በዋጋ አልችልሽም። በሰዓትም አልችልሽም። ብዙ ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ 'ደንበኛዬ አደርጋታለሁ' አልኩት።"

"እና?"

"እና አለፍኩ። ቢ ሰጠኝ።"

እናት ዓይኖቿ ሞሉ። ግን ምላሷ ቀደማት። "ኤ ለምን አልሰጠሽም?"

"ኤዋን አንቺ በላሻት" አለች ልጅቷ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በከንፈሯ ጥግ ሳቀች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። "ቀልዴን አይደለም እማዬ። ኮርሱ አለቀ፤ ሥራውን ግን አላቆምም። ከነገ ጀምሮ ደንበኛዬ ነሽ። ብትነቂም ከአልጋ አትወርጂም። ወደ በሬ አትመጪም። እስክደውልልሽ ትጠብቂያለሽ።"

"ብትረሺኝስ?"

"ደንበኛ አልረሳም።"

"ስልኩ ባይሠራስ? መብራት ቢጠፋስ? አንቺ ብትታመሚስ?"

ልጅቷ እስክትጨርስ እንደ ነጋዴ አየቻት። እናት ጨረሰች።

"እሺ" አለች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ዓይኗ ቦግ አለ። ስልኩ ከትራሱ አጠገብ ነው። እግሯ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ይቁነጠነጣል፤ አንዴ ጣቷ ወጣ አለ፣ መልሳ ሰበሰበችው። በግድግዳው ማዶ ድስቱ ጮኸ። ኮቴ ተሰማ። ሹፌሩ ተቀሰቀሰ። ነርሷ ተቀሰቀሰች። እንቅልፋሙ አሁንም ደንበኛ ሆኖ ቀርቷል መሰለኝ፤ "አምስት ደቂቃ የለም መምህር" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ይኸው ረሳችኝ አለች እናት በሆዷ። እኔን እናቷን ረሳችኝ፤ ሌላውንማ እንዴት...

ስልኩ ጮኸ። የመጀመሪያውን ጥሪ ሳይጨርስ አነሳችው።

"እንደምን አደሩ ደንበኛችን። እግርዎ ወለል ነካ?"

"ነካ" አለች እናት እግሯን እያወረደች። ወለሉ ይቀዘቅዛል።

"መስኮቱ ጋ ይሂዱልኝ። ምን ይታይዎታል?"

ሄደች። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። "ዳመና አለ። ዛሬ ይዘንባል። መንገዱ ይጨቀያል፣ ታክሲ ታጪያለሽ፣ ጃንጥላሽን ይዘሽ ውጪ..."

"ደንበኛችን" አለ ድምፁ፣ ከስልኩም ከግድግዳውም አንድ ላይ እየመጣ። "የጠየቅሁት የሚታየውን ነው። የሚመጣውን አይደለም።"

እናት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንደገና አየች። ታች መንገዱ ላይ የአውቶቡስ መብራት በራ። ሱቁ መዝጊያውን ወደ ላይ አነሳ። አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ቦርሳዋን አቅፋ እየሮጠች አለፈች።

"ሰው" አለች። "ሰው ተነስቷል።"

"አመሰግናለሁ" አለች ልጅቷ። "ነገም በዚሁ ሰዓት ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። እናት መስኮቱ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጃንጥላውን አወጣችና በሩ አጠገብ አስደገፈችው።